ዋርሶ፣ 1932፦ ኤኒግማ በእርሳስና በወረቀት የተፈታበት ጉዳይ

ጀርመኖች መልእክታቸውን ይመሰጥሩበት ስለነበረው ማሽን፣ ስለ ኤኒግማ፣ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠራው እንግሊዛዊውን የሂሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግንና የእንግሊዝን የምስጢር መፍቻ ማዕከል ብሌችሊ ፓርክን ነው። አይፈረድበትም፤ ፊልሙም ዶክመንተሪውም ታሪኩን የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ግን ቱሪንግ ገና የ20 ዓመት የካምብሪጅ ተማሪ ሳለ፣ ዋርሶ ውስጥ አንድ የ27 ዓመት ወጣት የጀርመን ጦር ኤኒግማ ሽቦዎች ውስጥ ለውስጥ እንዴት እንደተያያዙ በስሌት አውጥቶት ነበር። የጦሩን ማሽን ከፍቶ አላየውም። በእጁ የነበረው ከአየር ላይ የተጠለፈ የሬዲዮ መልእክት፣ ጥቂት የተሰረቀ ሰነድ፣ እርሳስና ወረቀት ነው።

ወጣቱ ማሪያን ሬየቭስኪ ይባላል። አብረውት የነበሩት ሁለቱ ደግሞ የዢ ሩዢትስኪና ሄንሪክ ዚጋልስኪ ናቸው። ሦስቱም ፖላንዳውያን፣ ሦስቱም የሂሳብ ሰዎች። እዚህ የምንከተለው የእነሱን ጉዳይ ነው፤ ማን መረጣቸው፣ ምን አገኙ፣ የት ላይ አቅም አነሳቸው፣ በመጨረሻስ ምን ደረሰባቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ሰው ከመምረጥ ነው

ፖላንድ በ1918 ነፃነቷን መልሳ ስታገኝ በአንድ በኩል ጀርመን፣ በሌላ በኩል የቦልሼቪኮች ሩሲያ ነበሩ። ሁለቱም ጎረቤቶች ፖላንድ የምትባል አገር መኖሯ ብዙም አልተዋጠላቸውም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ መንግሥት ጆሮውን ቢያቀና አይገርምም። ከሶቪየት ጋር በ1919 እና በ1920 በተደረገው ጦርነት ፖላንዳውያን የሩሲያን የሬዲዮ መልእክት እየጠለፉ ያነቡ ነበር። ሥራውን የመራው ያን ኮቫሌቭስኪ የሚባል መኮንን ሲሆን፣ ከዋርሶ ዩኒቨርሲቲ እንደ ሲየርፒንስኪና ማዙርኪየቪች ያሉ የሂሳብ ፕሮፌሰሮችን ጠርቶ አሠርቷቸዋል። ስለዚህ «ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ምስጢር ይፈታል» የሚለው ሐሳብ ለፖላንድ ጦር እንግዳ አልነበረም።

በሐምሌ 1928 የጀርመን ጦር ሬዲዮ ላይ አዲስ ዓይነት መልእክት መሰማት ጀመረ። ፊደሎቹ ምንም ዓይነት ወጥ ነገር አይታይባቸውም። የፖላንድ የምስጢር መልእክት ቢሮ ባለሙያዎች ማሽን መሆኑን ገመቱ። የገበያውን ኤኒግማ ገዝተው መረመሩት። የጦሩ ግን የተሻሻለ ስለነበር ምንም አልፈየደላቸውም።

እዚህ ላይ ነው አንድ ብልህ ውሳኔ የተወሰነው። በ1929 መጀመሪያ ላይ ቢሮው በፖዝናን ዩኒቨርሲቲ ለተመረጡ ወደ 20 የሚሆኑ የሂሳብ ተማሪዎች በምስጢር ኮርስ ከፈተ። ከተማዋ የተመረጠችው በምክንያት ነው። ፖዝናን እስከ 1918 በጀርመን ሥር ስለነበረች ልጆቹ ጀርመንኛ ትምህርት ቤት ተምረው ያደጉ ናቸው። ፕሮፌሰር ዝጂስዋቭ ክሪጎቭስኪ ጎበዞቹን መርጠው ሰጡ። ማክሲሚሊያን ቼንሽኪ የሚባለው መኮንንና ኢንጂነሩ አንቶኒ ፓሉት ከዋርሶ እየተመላለሱ አስተማሩ። ልጆቹ እውነተኛ የጀርመን ምስጢራዊ መልእክት እየተሰጣቸው ተፈተኑ። ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ወጡ፤ ሬየቭስኪ፣ ሩዢትስኪና ዚጋልስኪ ጎልተው ወጡ። በመስከረም 1932 ሦስቱም ዋርሶ መጥተው ሥራ ጀመሩ። ቢሮው የጦሩ ጠቅላይ መምሪያ በነበረበት የሳክሶን ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር።

ይህን ውሳኔ አሳንሰን ማየት የለብንም። በዚያ ዘመን ምስጢር መፍታት የቋንቋ ሰው ሥራ ነው ተብሎ ነበር የሚታሰበው። የእንግሊዙ ዋና ባለሙያ ዲሊ ኖክስ የጥንት ግሪክ ጽሑፎች ሊቅ ነበር፤ በጣም ጎበዝ ሰው፤ ግን የሂሳብ ሰው አይደለም። የእንግሊዙ ቢሮ የመጀመሪያውን የሂሳብ ባለሙያ የቀጠረው በ1939 ነው። አሥር ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው።

ማሽኑ

ኤኒግማ ሲያዩት ሳጥን ውስጥ የገባ ታይፕራይተር ይመስላል። አንድ ፊደል ሲጫኑ ኤሌክትሪክ ይሄድና ሌላ ፊደል ላይ መብራት ይበራል። በመሃል ያለው መንገድ ነው ጉዱ። ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ በፊት ለፊቱ የገመድ ሰሌዳ ያልፋል፤ እዚያ ስድስት ጥንድ ፊደሎች በገመድ እየተያያዙ ቦታ ይለዋወጣሉ። ከዚያ በሦስት ሮተሮች ውስጥ ያልፋል። እያንዳንዱ ሮተር ውስጡ 26 ሽቦ የተዘበራረቀበት ጎማ ነው። መጨረሻ ላይ አንጸባራቂ የሚባለው ክፍል ይመልሰዋል፤ በሦስቱም ሮተሮች በሌላ መንገድ ተመልሶ ይወጣል። አንድ ፊደል በተጫኑ ቁጥር የቀኙ ሮተር አንድ እርምጃ ይዞራል። ስለዚህ «ኤ»ን ሁለት ጊዜ ቢጫኑት የሚበራው ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው።

ሦስቱ ሮተሮች በ6 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊገቡ ይችላሉ፤ መነሻ ቦታቸው ደግሞ 17,576 ነው። ሁለቱ ሲባዙ 105,456 ይመጣል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን። የገመድ ሰሌዳው ብቻውን ከ100 ቢሊዮን በላይ አማራጭ አለው። ጀርመኖች የተማመኑበት ይህን የቁጥር ብዛት ነው።

ስድስቱ ፊደሎች

በጥቅምት 1932 መጨረሻ አካባቢ ቼንሽኪ ሬየቭስኪን ለብቻው ጠርቶ የኤኒግማን ፋይል ሰጠው። ለሁለቱ ጓደኞቹ እንኳ አልተነገራቸውም።

የጀርመን ጦር የዚያን ጊዜ ደንብ እንዲህ ነው። ሁሉም ኦፕሬተር የሚጋራው አንድ የቀን ቁልፍ፣ ማለትም የዕለቱ የማሽኑ አቀማመጥ፣ አለ። የቀኑ መልእክት ሁሉ ከአንድ መነሻ ቢጻፍ ግን አደጋ ነው። ስለዚህ ኦፕሬተሩ ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱን ሦስት ፊደል ይመርጣል። ማሽኑን በቀኑ ቁልፍ ላይ ያደርግና እነዚያን ሦስት ፊደሎች ሁለት ጊዜ ይጽፋል። የሚወጡትን ስድስት ፊደሎች መልእክቱ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ሁለት ጊዜ የተጻፉት ሬዲዮው ቢንጫጫና አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው እንዲያድን ነው። ለጥንቃቄ የተደረገው ነገር ቀዳዳውን ከፈተ።

ሬየቭስኪ ያየው ይህን ነው። አንደኛውና አራተኛው ፊደል ከአንድ ፊደል የመጡ ናቸው። ሁለተኛውና አምስተኛውም፣ ሦስተኛውና ስድስተኛውም እንዲሁ። ያ ፊደል ማን እንደሆነ አይታወቅም። ዝምድናው ግን ይታወቃል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንዱ መልእክት አንደኛ ፊደል ዲ፣ አራተኛው ቪ ይሁን። ሌላው መልእክት በቪ ይጀምርና አራተኛው ፒ ይሁን። ሌላው ደግሞ በፒ ይጀምርና አራተኛው ኤፍ ይሁን። ዲ ወደ ቪ፣ ቪ ወደ ፒ፣ ፒ ወደ ኤፍ እያለ ሰንሰለቱ ይቀጥላል፤ የሆነ ቦታ ላይ ዞሮ ዲ ላይ ይመለሳል። በአንድ ቀን ወደ 80 የሚጠጋ መልእክት ከተጠለፈ 26ቱም ፊደሎች የየራሳቸው ቀለበት ውስጥ ይገባሉ። አንድ ቀን 13 እና 13 ርዝመት ያላቸው ሁለት ቀለበቶች ይወጣሉ፤ ሌላ ቀን 10፣ 10፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1። ሁልጊዜ እኩል እኩል በጥንድ ነው የሚመጡት።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። የገመድ ሰሌዳው ቀለበቱ ውስጥ ያሉትን ፊደሎች ስም ይቀይራል እንጂ የቀለበቱን ርዝመት አይነካም። ርዝመቱን የሚወስነው የሮተሮቹ አቀማመጥ ብቻ ነው። ስለ ፐርሙቴሽን፣ ማለትም ነገሮችን ቦታ ስለማለዋወጥ በሂሳብ፣ የተማረ ሰው ይህን ሕግ ያውቀዋል፤ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ተራ ነገር ነው። ከጦር ምስጢር ጋር ያገናኘው ሰው ግን ከዚያ በፊት አልነበረም። ያ ከ100 ቢሊዮን በላይ አማራጭ ያለው የገመድ ሰሌዳ በዚህ በኩል ሲታይ እንደሌለ ተቆጠረ።

የኦፕሬተሮቹ ስንፍናም ረድቷል። ሦስት ፊደል ምረጥ የተባለ ወታደር ምን ይመርጣል? «ኤኤኤ» ይላል። እሱ ሲከለከል ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ፊደሎችን ይጫናል። ዛሬ የስልኩን ፓስወርድ 1234 የሚያደርግ ሰው የሚስቅበት ጉዳይ አይደለም። ሬየቭስኪ ይህን ልማድ ገምቶ ቀለበቶቹን ገጣጠማቸው፤ ከዚያም ማሽኑን በስድስት እኩልታዎች ጻፈው። የማይታወቀው ነገር ግን በዝቶበት እኩልታዎቹ አልፈታ አሉ።

ከበርሊን የመጣው ወረቀት

በርሊን ውስጥ የምስጢር መልእክት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረ ሃንስ ቲሎ ሽሚት የሚባል ሰው ነበር። ገንዘብ ይፈልጋል። ከ1931 ጀምሮ ለፈረንሳይ ስለላ ሰነድ መሸጥ ጀመረ። የተቀበለው ጉስታቭ በርትራን የሚባል የፈረንሳይ መኮንን ነው። በርትራን ሰነዱን ለራሱ አገር ባለሙያዎች አሳየ፤ «በዚህ ብቻ ማሽኑ አይፈታም» አሉት። እንግሊዞችም እንደዚያው። ፖላንዶች ግን እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት።

ሰነዱ ውስጥ የሽቦው አቀማመጥ የለም። ያለው የአጠቃቀም መመሪያና የሁለት ወር የቀን ቁልፎች፣ የመስከረምና የጥቅምት 1932፣ ነው። ይህ ሬየቭስኪ እጅ የደረሰው በታኅሣሥ 1932 ነው። በቀን ቁልፉ ላይ የገመድ ሰሌዳው ስለተጻፈ ከእኩልታው ውስጥ አንዱ ያልታወቀ ነገር ወጣ። ስድስቱ ፊደሎች ሲጻፉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው የቀኙ ሮተር ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ እንደ አንድ ያልተንቀሳቀሰ ነገር ቆጠረው።

አሁንም መልሱ አልመጣ አለ። ተጠያቂው የኪቦርዱና የሮተሮቹ መገናኛ ነበር። በገበያው ኤኒግማ ላይ ፊደሎቹ ከኪቦርዱ ቅደም ተከተል ጋር ነው የሚገናኙት፤ ኪው፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ቲ እያለ። ሬየቭስኪ የጦሩም እንደዚያ ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ቆም ብሎ አሰበ። ጀርመኖች ሥርዓት ይወዳሉ፤ ምናልባት በፊደል ተራ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብለው አያይዘውት ቢሆንስ? ሞከረው። ራሱ በኋላ እንዳስታወሰው፣ የሮተሩ ሽቦዎች ቁጥር ከእርሳሱ ጫፍ እንደ አስማት ይወርድ ጀመር።

ሁለቱ ወሮች በተለያየ ሩብ ዓመት ውስጥ መውደቃቸውም ዕድል ነው። የሮተሮቹ ቅደም ተከተል ያኔ በየሦስት ወሩ ነበር የሚቀየረው፤ በመስከረም በቀኝ የነበረው ሮተር በጥቅምት ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ሁለት ሮተሮች ተገኙ፤ ሦስተኛውና አንጸባራቂው ተከተሉ። ሥራውን ለማመሳከር የረዳው ደግሞ ራሱ የጀርመን መመሪያ ነው። ለማስተማሪያ ብለው እውነተኛ ጽሑፍ፣ ቁልፉንና የተመሰጠረውን ጎን ለጎን አትመውበት ነበር!

ያለ ሽሚት ወረቀት ይሆን ነበር ወይ የሚለው ክርክር እስካሁን አለ። ሬየቭስኪ ራሱ በኋላ ሲጽፍ ሰነዱ ወሳኝ እንደነበር አልካደም። እኔ ደግሞ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያንኑ ወረቀት ፈረንሳይም እንግሊዝም አይተውታል። ወረቀቱን ወደ እኩልታ የሚቀይር ሰው የነበረው ዋርሶ ብቻ ነበር።

የስድስት ዓመት ሩጫ

በ1933 መጀመሪያ መልእክቶቹ መነበብ ጀመሩ። ሩዢትስኪና ዚጋልስኪም ተጨመሩ። ፓሉት ድርሻ የነበረው አቫ የሚባል የዋርሶ ፋብሪካ የጦሩን ኤኒግማ አስመስሎ መሥራት ያዘ። ያልታየ ማሽን በሂሳብ ብቻ ተነድፎ ተሠራ ማለት ነው።

ማሽኑን ማወቅ አንድ ነገር፣ የየቀኑን ቁልፍ ማግኘት ሌላ ነገር ነው። የሮተሮቹ ቅደም ተከተል በየሦስት ወሩ መቀየሩ ቀርቶ በየወሩ፣ ከዚያም በየቀኑ ሆነ። ሩዢትስኪ የትኛው ሮተር በቀኝ እንዳለ በፊደላት ድግግሞሽ የሚለይ ዘዴ ፈጠረ። ሬየቭስኪ ሳይክሎሜትር የሚባል መሣሪያ ነደፈ፤ የሁለት ኤኒግማ ሮተሮች የተጋጠሙበት ነው። በእሱ እየታገዙ ቅድም ያዙት ያልኩትን 105,456 አቀማመጥ አንድ በአንድ ፈትሸው የቀለበቶቹን ርዝመት በካርድ ላይ መዘገቡ። ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ሲያልቅ ግን የቀኑን ቁልፍ ማውጣት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሥራ ሆነ። የቀለበቱን ርዝመት አስልተህ ካርዱን መሳብ ነው።

በኅዳር 1937 ጀርመኖች አንጸባራቂውን ቀየሩ። ያ ሁሉ ካርድ በአንድ ቀን ዋጋ አጣ። ቁጭ ብለው እንደገና ሠሩት። በጥር 1938 አለቆቹ ለሁለት ሳምንት ሲቆጥሩ ከሚጠለፈው መልእክት ሦስት አራተኛ ያህሉ ይነበብ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ሽሚት በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የቁልፍ ዝርዝር መሸጡን ቀጥሏል፤ በርትራንም ለቢሮው ኃላፊ ለግቪዶ ላንገር ያቀብል ነበር። ለሦስቱ ግን አልደረሳቸውም። ላንገር መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። የሚሰጠው ምክንያት ጦርነት ሲነሳ ወረቀቱ መምጣቱ አይቀርም፣ ልጆቹ ያለ እሱ መሥራት ይልመዱ የሚል ነው። መልሱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ከአንድ ዓመት በላይ ካርድ ያስሞሉህ እንደሆነ ብታውቅ ምን ትል ነበር? ቢሆንም ላንገር አልተሳሳተም ብዬ አስባለሁ።

ትልቁ ምት በመስከረም 1938 መጣ። የቀኑ የጋራ መነሻ ቀረ፤ እያንዳንዱ ኦፕሬተር መነሻውን ራሱ ይመርጥ ጀመር። ካርዱ ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀ። ሦስቱ ልጆች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁለት አዲስ መልስ ይዘው መጡ።

አንደኛው የሬየቭስኪ «ቦምባ» ነው፤ እያንዳንዱ ከስድስት ኤኒግማ ጋር የሚስተካከል በኤሌክትሪክ የሚዞር ማሽን። ለስድስቱ የሮተር ቅደም ተከተሎች ስድስት ቦምባ ተሠራ፤ በሁለት ሰዓት አካባቢ ቁልፉን ያወጣሉ። ሁለተኛው የዚጋልስኪ ነው። ትላልቅ ወረቀቶች ላይ በተወሰነ ስሌት ወደ 1,000 የሚጠጋ ቀዳዳ ይበሳል፤ በርካታ ወረቀቶች እየተደራረቡ ብርሃን ላይ ሲያዙ ብርሃኑ አልፎ የሚታይበት ቀዳዳ መልሱን ይጠቁማል። ለአንድ ቅደም ተከተል 26 ወረቀት ያስፈልጋል። ቀዳዳው የሚቆረጠው በእጅ፣ በምላጭ ነው። ምስጢር ስለሆነ ለማተሚያ ቤት አይሰጥም፤ ራሳቸው ከሌላ ሥራቸው በተረፈ ሰዓት ይቆርጣሉ።

ከስድስቱ ስብስብ ሁለቱ ብቻ እንዳለቁ፣ በታኅሣሥ 1938 አጋማሽ፣ ጀርመኖች ሁለት ሮተር ጨመሩ። አሁን ከአምስት ሮተር ሦስቱን መርጦ መደርደር ነው፤ 6 የነበረው 60 ሆነ። የሚገርመው፣ የናዚ ፓርቲው የስለላ ክፍል አዲሶቹን ሮተሮች እየተጠቀመ በአሮጌው የቁልፍ ደንብ ቀጥሎ ነበር። በዚያ ስህተት ሬየቭስኪ የአዲሶቹን ሮተሮች ሽቦም አወጣ። ሂሳቡ አልተሸነፈም። የተሸነፈው ኪሱ ነው። 60 ቦምባና 1,560 የተበሳ ወረቀት ለፖላንድ ቢሮ የሚሞከር አልነበረም። በ1939 መጀመሪያ ላይ ጀርመኖች የገመዶቹን ቁጥር ሲጨምሩ ቦምባው ጭራሽ ደከመ።

ፒሪ፣ ሐምሌ 1939

በጥር 1939 የፖላንድ፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ባለሙያዎች ፓሪስ ላይ ተገናኝተው ነበር። ሁሉም ሌላው ምን እንደያዘ እየተጠባበቀ ተለያየ። ፖላንዶቹ ከአለቆቻቸው ፈቃድ ስላልነበራቸው ምንም አልተነፈሱም።

ከዚያ ሁኔታው ተቀየረ። ሂትለር በመጋቢት ፕራግ ገባ። እንግሊዝ ለፖላንድ ዋስትና ሰጠች። በሐምሌ መጨረሻ ፖላንዶቹ ራሳቸው እንግዶችን ጠሩ። ቦታው ከዋርሶ ደቡብ፣ ፒሪ አጠገብ ባለው የካባቲ ደን ውስጥ ያለው አዲሱ ቢሯቸው ነው። ከእንግሊዝ የቢሮው ኃላፊ አላስቴር ዴኒስተንና ዲሊ ኖክስ፣ ከፈረንሳይ በርትራን መጡ። ፖላንዶቹ እንግዶቹን አስገቡና ማሽኖቹን አሳዩአቸው።

ኖክስ ለዓመታት ኤኒግማ ላይ ሲደክም የቆየ ሰው ነው። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የፍራንኮ ወገን የሚጠቀምበትን፣ የገመድ ሰሌዳ የሌለውን ኤኒግማ በ1937 ፈትቷል። የጀርመን ጦሩ ላይ ያሰናከለው ያው ሬየቭስኪን ያሰናከለው ነገር ነው፤ የኪቦርዱ መገናኛ። መጀመሪያ የጠየቀውም እሱን ነው። በፊደል ተራ እንደሆነ ሲነገረው በንዴት ጦፈ። እንዲህ ቀላል መሆኑ ነው ያናደደው! ሲበርድለት ግን ከሦስቱ ወጣቶች ጋር በደንብ ተግባባ። አገሩ ሲመለስ በፖላንድኛ ስለ ትብብራቸውና ስለ ትዕግሥታቸው የሚያመሰግን ማስታወሻ ላከላቸው፤ አብሮም የፈረስ እሽቅድምድም ሥዕል ያለበት ሻርፕ ለእያንዳንዳቸው።

ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ አንዳንድ ኤኒግማ ተሰጠ። የእንግሊዙ በነሐሴ 16 ለንደን ደረሰ። ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን በኋላ ጀርመን ፖላንድን ወረረች።

ይህን ውሳኔ እንደ ቀላል ነገር የሚያልፉት አሉ። እኔ ግን ከሬየቭስኪ እኩልታ ጎን አስቀምጠዋለሁ። የስለላ ድርጅት ያለውን ትልቁን ምስጢር ለባዕድ፣ ያውም በምላሹ የሚረባ ነገር ሳይቀበል፣ አይሰጥም። ከብሌችሊ ዋና ሰዎች አንዱ የነበረው ጎርደን ዌልችማን በኋላ ሲጽፍ፣ ከፖላንዶቹ በመጨረሻዋ ሰዓት ባይማሩ ኖሮ የእሱ ክፍል ሥራ ከመሬት እንደማይነሳ መስክሯል።

ሌላኛው ጽንፍም ግን አለ፤ «ሁሉንም የሠሩት ፖላንዶች ናቸው፣ እንግሊዞች ስሙን ወሰዱ» የሚል። ይህም ልክ አይደለም። የፖላንዶቹ ዘዴዎች ሁሉ የቆሙት ሁለት ጊዜ በሚጻፈው ቁልፍ ላይ ነው። በግንቦት 1940 ጀርመኖች በዋናው መረብ ላይ ያንን ልማድ ሲተዉ ዘዴዎቹ ሁሉ አብረው ወደቁ። ቱሪንግ የነደፈው «ቦምብ» የሚባል ማሽን የተለየ ነው። መልእክቱ ውስጥ ሊኖር የሚችል ቃል ገምቶ ከዚያ ይነሳል፤ ድግግሞሹ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ስሙን ከቦምባ ቢወርስም አሠራሩ ሌላ ነው። ማሽኖቹን በብዛት መሥራትም፣ የባሕር ኃይሉን ኤኒግማ መፍታትም የእንግሊዞች፣ በኋላም የአሜሪካኖች ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ

ወረራው ሲመጣ ቢሮው ማሽኖቹንና ወረቀቱን አጥፍቶ ሸሸ። ሦስቱ በመስከረም 17 ሮማኒያ ገቡ። ቡካሬስት የእንግሊዝ ኤምባሲ ሄዱ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሱ ተባሉ። የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውምና የፈረንሳይ ኤምባሲ ሄደው የበርትራንን የምስጢር ስም ጠሩ። ወዲያው ወደ ፓሪስ ተላኩ። እዚያ አጠገብ ባለ ቪኞል በሚባል ትልቅ ግቢ ውስጥ ሥራቸውን ቀጠሉ። በጥር 1940 ቱሪንግ ራሱ መጥቶ ጎበኛቸው፤ እንግሊዝ ውስጥ የተባዙትን የዚጋልስኪ ወረቀቶች ይዞላቸው ነው የመጣው። በጥር 17 ከጦርነቱ መነሳት በኋላ የመጀመሪያው የኤኒግማ ቁልፍ እዚያ ተፈታ።

ፈረንሳይ ስትወድቅ ወደ ደቡብ ሸሹ። ኡዜስ በምትባል ከተማ አጠገብ በሐሰት ስም ተደብቀው ሠሩ። በዚያ ጊዜ የፖላንድ ጦር የሚጠቀምበትን የራሱን የምስጢር ማሽን እንዲፈትሹ ቢሰጣቸው ሬየቭስኪና ዚጋልስኪ በጥቂት ሰዓት ፈቱት። ጉድ ነው፤ አለቆቻቸው በዚያው ማሽን ነበር ከለንደን ጋር የሚጻጻፉት።

በጥር 1942 ሩዢትስኪ ከአልጀርስ ሲመለስ የተሳፈረበት ላሞሪሲየር የሚባል መርከብ ባሌሪክ ደሴቶች አጠገብ ሰጠመ። 32 ዓመቱ ነበር። በኅዳር 1942 ጀርመኖች ደቡብ ፈረንሳይንም ሲይዙ ቡድኑ ተበታተነ። ሬየቭስኪና ዚጋልስኪ በጥር 1943 በሌሊት የፒረኒስን ተራራ ተሻገሩ፤ መንገድ መሪያቸው መሣሪያ አውጥቶ ዘረፋቸው። ስፔን ደግሞ ለወራት አሰረቻቸው። በነሐሴ እንግሊዝ ደረሱ።

ላንገርና ቼንሽኪ ግን በጀርመኖች እጅ ወደቁ። ማን እንደሆኑ ታውቆ ተመረመሩ። ከጦርነቱ በፊት ጥቂት ነገር እናነብ ነበር፣ ከዚያ ጀርመኖች አሠራራቸውን ሲቀይሩ አልቻልንም ብለው አሳመኑ። ግማሽ እውነት ነው፤ ለዚያም ነው የታመነው። ጀርመኖች ኤኒግማን አልተዉም። ፓሉት ሳክሰንሃውዘን በሚባል የናዚ እስረኞች ካምፕ ሳለ በ1944 በአየር ድብደባ ሞተ። ሽሚት በ1943 ተይዞ እዚያው እስር ላይ ሕይወቱ አለፈ።

እንግሊዝ የደረሱት ሁለቱ ብሌችሊ ፓርክ አልተወሰዱም። ከዚያ ብዙም በማይርቅ ቦክስሙር በሚባል ቦታ በፖላንድ ጦር ክፍል ሥር የናዚዎቹን ኤስ ኤስ የተባለ ጦር በእጅ የሚጻፉ ምስጢራዊ መልእክቶች ሲፈቱ ጦርነቱ አለቀ። ምስጢር እንዲጠበቅ የሚያውቀው ሰው መብዛት የለበትም የሚለው ይገባኛል። ግን የሰጡትን ነገር ለሰጪዎቹ መከልከል እንዴትም ቢያብራሩት ያስተዛዝባል። ዚጋልስኪ እንግሊዝ ቀርቶ ሂሳብ ሲያስተምር በ1978 ሞተ።

ሬየቭስኪ በኅዳር 1946 ወደ ባለቤቱና ወደ ሁለቱ ልጆቹ ተመለሰ። በቀጣዩ ዓመት ወንድ ልጁ በፖሊዮ ሞተበት። ቢድጎሽች ከተማ በአንድ የኬብል ፋብሪካ የሽያጭ ክፍል ተቀጠረ። ከምዕራብ የተመለሰ ሰው ስለሆነ የኮሚኒስቱ መንግሥት ደህንነት ለዓመታት ሲከታተለው ኖረ፤ ምን ሠርቶ እንደነበር ግን አላወቁም። እሱም አልተናገረም። በ1973 በርትራን ማስታወሻውን ሲያሳትም፣ በቀጣዩ ዓመት እንግሊዞችም ስለ ብሌችሊ መጻፍ ሲጀምሩ፣ ጋዜጠኞችና የታሪክ ሰዎች በሩን ያንኳኩ ጀመር። ያን ጊዜ ሬየቭስኪ እኩልታዎቹን ራሱ ጽፎ አወጣ። ከ70 ዓመቱ በኋላም፣ ከመሞቱ ጥቂት ዓመት በፊት፣ የፖላንዱ መሪ ዩዜፍ ፒውሱድስኪና ጓዶቹ በ1904 በምስጢር የተጻጻፉትን ደብዳቤ ማንበብ ያልቻሉ ሰዎች ወደ እሱ ላኩት። ፈታላቸው።